የጨቅላ ሕፃናት ድንገተኛ ሞት፦ ከልደት በፊት ማስተማር፣ ከሐዘን በኋላ አለመክሰስ

ለካቴኪስቶችና ለምእመናን የቀረበ ትምህርት



በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ላይ ሁለት እናቶች በንጉሥ ሰሎሞን ፊት ቀርበው ስለ አንድ ሕያው ሕፃን እንደ ተከራከሩ ተጽፎ እናገኛለን። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የንጉሡን ጥበብ ለማስረዳት ነው። የክርክሩ መነሻ የሆነውን ሌላውን ሕፃን ግን እናልፈዋለን። ያ ሕፃን በሌሊት ሞቶ ነበር። ከሳሿ ሴት እናቱ ተኝታበት እንደ ሞተ ለንጉሡ ትናገራለች፤ ሆኖም በዚያው ንግግሯ ራሷም እንቅልፍ ላይ እንደ ነበረችና ነገሩን ያወቀችው ሲነጋ እንደ ሆነ ትመሰክራለች። በቤቱም ከሁለቱ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። እንግዲህ ሕፃኑ ሲሞት ያየ ማንም አልነበረም ማለት ነው። ንጉሡ ስለ ሕያው ሕፃን ፈረደ፤ ማንም ስላላየው የሌሊት ሞት ግን በእናቲቱ ላይ የተናገረው ቅጣት በመጽሐፉ አልተጻፈም።

ይህ ጥንታዊ ታሪክ ዛሬም በየመንደራችን ይደገማል። ማታ ጠብቶ በሰላም የተኛ የሁለት ወይም የሦስት ወር ሕፃን ጎሕ ሲቀድ ሞቶ ይገኛል። ጎረቤትም ተሰብስቦ ይፈርዳል። አንዱ «ተኝታበት ነው» ይላል፤ ሌላው «ዓይን በልቶት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ሾተላይ ነው» ይላል። እናቲቱ ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ፍርድ በራሷ ላይ ትፈርዳለች፤ ለብዙ ዓመታትም ተሸክማው ትኖራለች።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የወደድነው ጥያቄ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል የሕፃናትን የሌሊት ሞት የሚቀንስ ጥንቃቄ አለና ማስተማር ግዴታችን ነው። በሌላ በኩል ጥንቃቄውን ያለ ጊዜውና ያለ ቦታው የምናስተምር ከሆነ፣ ልጇን ላጣች እናት ትምህርቱ ክስ ይሆንባታል። እነዚህን ሁለቱን አስማምተን እንዴት እንይዛቸዋለን?

1. የስሙ ትርጉም

ሐኪሞች «የሕፃናት ድንገተኛ ሞት» የሚለውን ስም በተወሰነ ትርጉም መጠቀም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ከተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ወዲህ ነው። በዛሬው አጠቃቀም ቃሉ የሚነገረው አንድ ዓመት ስላልሞላው፣ ጤነኛ ሆኖ ሲታይ ቆይቶ በድንገት ስለሞተና ምክንያቱ ተመርምሮ ስላልተገኘ ሕፃን ነው። ምርመራውም ሦስት ነገሮችን ያጠቃልላል፤ እነርሱም የአስከሬን ምርመራ፣ የተኛበትን ስፍራ መመልከትና የሕፃኑንና የእናቱን የጤና ታሪክ ማጣራት ናቸው። ሦስቱ ሳይደረጉ ይህን ስም መስጠት አይቻልም። ሞቱ በብዛት የሚደርሰው ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ዕድሜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ፊልያኖና ኪኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን በሦስት ሁኔታዎች መገናኘት አብራርተውታል። የመጀመሪያው ሕፃኑ ከውጭ የማይታይ ድካም ያለበት መሆኑ ነው፤ ለምሳሌ ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል በቂ ብርታት ላይኖረው ይችላል። ሁለተኛው ዕድሜው ነው፤ በእነዚያ ወራት ሰውነት በፍጥነት ይለወጣልና። ሦስተኛው ከውጭ የሚመጣ ጫና ነው፤ ይህም በሆድ መተኛት፣ ፊት መሸፈን፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ወይም ጭስ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ሕፃን አየር ሲያንሰው ይነቃል፣ ራሱን ያዞራል፣ ያለቅሳል። ድካም ያለበት ግን ሳይነቃ ይቀራል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። በአንድ መንደር ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን በአንድ ዓይነት አኳኋን ሲያስተኙ፣ የአንዷ ልጅ በሰላም ሊያድግ፣ የሌላይቱ ደግሞ ሊሞት ይችላል። ልዩነቱን ያመጣው የእናቶቹ ፍቅር ማነስና መብዛት አይደለም። ከሦስቱ መካከል ቤተሰብ ሊለውጠው የሚችለው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ የጥንቃቄው ትምህርትም የሚያተኩረው በእርሱ ላይ ነው።

2. ያልተቆጠረ ሞት

በአገራችን የሕፃናት ሞት ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ቀንሷል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ባደረገው ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ጥናት ቁጥሩ ወደ 48 ወርዷል። በመጀመሪያው ወር ውስጥ የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት። እንግዲህ በ2016 ጥናት መሠረት ዓመት ሳይሞላቸው ከሞቱት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱት ገና ወር ሳይሞላቸው ነው። ለዚህ ዋና ዋና ምክንያቶች ያለ ቀኑ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው።

ከእነዚህ መካከል ስንቱ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሞተ ነው ቢባል መልሱ በቁጥር አይገኝም። የዚህ ምክንያት ቀላል ነው። ቤት የሞተ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ሳያየው በማግስቱ ይቀበራል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ የጨቅላ ሞት ግን ዛሬም ሳይመዘገብ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ልደቱ ሳይመዘገብ ሞቱን ማን ይመዘግባል?

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተደረጉ ጥረቶች አሉ። ከሐዋሳ እጅግ በማይርቀው በቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የገጠር ጤና ፕሮግራም ልደትንና ሞትን ከቤት ወደ ቤት እየዞረ መዝግቧል። በእንዲህ ያሉ ጥናቶች መዝጋቢዎች የሟቹን ቤተሰብ ጠይቀው የሕመሙን ምልክት በመጻፍ ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት እንዲገምቱ ያደርጋሉ። በሐረርና በቀርሳ ደግሞ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራ ጥናት ወላጆች ሲፈቅዱ ከሟች ሕፃን አካል በቀጭን መርፌ ጥቂት ናሙና እየተወሰደ ምክንያቱ ተመርምሯል። ልጃቸውን ባጡበት ሰዓት ለሌላው ሕፃን ሲሉ የፈቀዱ ወላጆች ያደረጉት ታላቅ የፍቅር ሥራ ነው።

ስለዚህ ካቴኪስቱ ይህን ሊይዝ ይገባዋል፦ አንድ ሞት በመዝገብ አለመኖሩ ሞቱ አልነበረም ማለት አይደለም። እንዲሁም ያልተመረመረን ሞት ምክንያቱን እናውቃለን ማለት ከእውነት መራቅ ነው።

3. ከሾተላይ የምንማረው

አባቶቻችንና እናቶቻችን ልጅ የማይበረክትላትን ሴት «ሾተላይ አለባት» ይሉ ነበር። ሾተላይ ልጆችን የሚቀጥፍ ርኩስ መንፈስ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ሴቲቱ ለክታብና ለጸበል ስትንከራተት፣ ባልዋ ሊፈታት ሲያስብ፣ ዘመዶቹም ሊያርቋት ሲመክሩ ብዙ ትዳር ፈርሷል።

እ.ኤ.አ. በ1940 ሳይንቲስቶች አር ኤች የተባለውን የደም ባሕርይ አገኙ። እናት አር ኤች ኔጋቲቭ፣ ፅንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ በደኅና ይወለዳል፤ ነገር ግን የእናቲቱ ሰውነት የሚቀጥለውን ፅንስ ደም የሚያጠፋ መከላከያ ያዘጋጃል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ፖዘቲቭ ፅንሶች ሊጨናገፉ ወይም ተወልደው ሊሞቱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ይህን የሚከለክል መርፌ በሥራ ላይ ውሏል። ሾተላይ ይባል የነበረው ሁሉ በዚህ ምክንያት ነበር አንልም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ይኸው ነበር። ዛሬ ሰዎች «የሾተላይ መርፌ» እያሉ የሚጠሩት ይህንኑ መድኃኒት ነው።

የዚህን ትምህርት ፍሬ ልብ እንበል። ያቺ የተፈታችው፣ የተጠላችውና የተጠረጠረችው ሴት በደል አልነበረባትም። ምክንያቱ በደሟ ውስጥ ነበር፤ ማንም ግን አላወቀውም። ባላወቅነው ነገር ላይ ስም ለጥፈን ሰውን መክሰስ አደገኛ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ በሌሊት ስለሚሞት ሕፃን የምንሰጠው ፍርድም ነገ እንዲህ የሚያሳፍረን ይሆናል።

4. ሌሎች አገሮች በዘገየ ጊዜ የተማሩት

እናትን መክሰስ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮፓ የነበሩ የንስሐ መጻሕፍት ልጇ በጎኗ ሞቶ ለተገኘ እናት ቀኖና ይወስኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 በስኮትላንድ በዳንዲ ከተማ የነበረ ቴምፕልማን የተባለ የፖሊስ ሐኪም 258 ታፍነው ሞቱ የተባሉ ሕፃናትን ጉዳይ መርምሮ፣ ብዙዎቹ ከቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ እንደ ሞቱ ጻፈ። ምክንያቱንም የእናቶች ግድ የለሽነት፣ መጠጥና የቤት ጥበት አድርጎ አቀረበው። ስለ መጠጥና ስለ ቤት ጥበት የተናገረው ዛሬም ይሠራል፤ ያላየውን የእናቶች ልብ ግን መመርመር አልነበረበትም።

በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በምዕራቡ ዓለም የተነበቡ ታዋቂ የሕፃናት አስተዳደግ መጻሕፍት ሕፃናት በሆዳቸው እንዲተኙ ይመክሩ ነበር። ምክሩ የተማሩ ሰዎች ምክር ነበር፤ ብዙ ሺህ ሕፃናት ግን ሞቱበት። በኋላ ማስረጃው ሲከማች ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ብሪታንያና ኒውዚላንድ በ1991፣ አሜሪካ በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ጀመሩ። ያለ መድኃኒትና ያለ ገንዘብ፣ አተኛኘትን በመለወጥ ብቻ በእነዚህ አገሮች ድንገተኛው ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

ኒውዚላንድ ሌላም የምታስተምረን አላት። ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ በነባሩ የማኦሪ ሕዝብ ዘንድ ሞቱ እንደ ሌላው ሳይቀንስ ቀረ። ለማኦሪ እናት ልጇን ከጎኗ ማስተኛት የፍቅር ሥርዓት ነውና «ልጁን ለብቻው አስተኚ» የሚለው ምክር ልቧ ውስጥ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐኪሞችና ሽመና የሚያውቁ ሴቶች ተባብረው ዋሃኩራ የሚባል የተሸመነ የሕፃን መኝታ አዘጋጁ። ሕፃኑ በእናቱ አልጋ ላይ፣ ከጎኗ፣ ነገር ግን በራሱ ስፍራ ይተኛል። ትምህርቱ ባህሉን አክብሮ በመጣ ጊዜ እናቶች ተቀበሉት።

ከአፍሪካም በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን እና በአሜሪካ በተደረገና ወደ 12,000 የሚጠጉ እርግዝናዎችን በተከታተለ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እንደ ታተመው፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ መጠጥንም ሲጋራንም ያላቆሙ እናቶች ልጆች በድንገተኛ ሞት የመጠቃታቸው ዕድል ከሌሎቹ 12 ጊዜ ያህል በልጦ ተገኝቷል።

5. በአንድ ክፍል ቤት የሚቻል ጥንቃቄ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በሐዋሳ ከተማ፣ በባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎቹ፣ ብዙ ወጣት ቤተሰብ በአንድ ኪራይ ክፍል ውስጥ ይኖራል። አልጋው አንድ ነው፤ በእርሱም አባት፣ እናትና ሕፃን፣ አንዳንዴም ታላቅየው ልጅ አብረው ይተኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ወዲህ ደግሞ ከገጠር ለሥራ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ከእናታቸውና ከአያታቸው ርቀው ይኖራሉ፤ ሲወልዱም በአጠገባቸው የሚመክር ሽማግሌ የለም። ለእነዚህ «የሕፃን አልጋ ግዙ» ማለት ምክር አይደለም። ያላቸውን ይዘው የሚፈጽሙትን መንገር ያስፈልጋል።

ሀ. ሕፃኑ እስከ አንድ ዓመቱ ድረስ በማንኛውም እንቅልፍ፣ በሌሊትም በቀንም፣ በጀርባው ይተኛ። በጎን ማስተኛት እንደ በጀርባ ማስተኛት አይሆንም፤ ወደ ሆድ ይገለበጣልና። በጀርባው የተኛ ጤነኛ ሕፃን ትውከት ያንቀዋል የሚለው ፍርሃት ትክክል አይደለም።

ለ. መኝታው የማይሰረጉድና ደልደል ያለ ይሁን። ትራስ፣ ወፍራም ጋቢና ለስላሳ ጨርቅ በፊቱ አጠገብ አይኑር። ከሁሉ የሚሻለው ሕፃኑ ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ ስፍራ መተኛቱ ነው። ይህ ማለት በእናቲቱ አልጋ አጠገብ በሰሌን ላይ የተነጠፈ ጠበቅ ያለ ምንጣፍ ወይም መሠረቱ ጠፍጣፋ የሆነ ሰፊ ቅርጫት ሊሆን ይችላል። በአገራችን የስፌት ጥበብ እንግዳ አይደለምና እናቶች ሊሠሩት ይቻላቸዋል።

ሐ. ሌላ ስፍራ ከሌለና አብሮ መተኛት የግድ ከሆነ፣ ሕፃኑ በእናቱ በኩል እንጂ በሁለት ትልልቅ ሰዎች መካከል ወይም ከሌላ ልጅ ጎን አይተኛ። ከአልጋው እንዳይወድቅና በግድግዳና በፍራሽ መካከል እንዳይወሸቅም ይታሰብበት። ያለ ቀኑ የተወለደ ወይም ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ሕፃን ከሆነ አደጋው ከፍ ስለሚል በራሱ ስፍራ ይተኛ።

መ. መጠጥ የጠጣ ሰው ከሕፃን ጋር አይተኛ። ይህ ቃል በተለይ ለአባቶች ነው። ከጫት በኋላ ለጨብሲ ጠጥቶ በእኩለ ሌሊት የሚመለስ አባት እንቅልፉ ከባድ ነው፤ በዚያ ሌሊት መሬት ላይ ቢተኛ ፍቅሩን ገለጸ እንጂ አልተዋረደም።

ሠ. ፊቱን አንሸፍን። ብዙዎቻችን ሕፃኑን ከብርድ፣ ከምችና ከዓይን ለመጠበቅ በነጠላ ወይም በጋቢ ፊቱን እንሸፍናለን። ሲተኛ ግን ፊቱና ራሱ ክፍት ይሁን። የሚጠቀለል ከሆነ በጀርባው ብቻ ይተኛ፤ መገልበጥ ሲጀምር መጠቅለሉ ይቅር። በአንቀልባ ስናዝለውም አፍንጫው እንዳይታፈን እናስተውል።

ረ. ከሰል በተዘጋ ክፍል አይደር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እናትንም ልጅንም በእንቅልፍ ሊገድል ይችላል። አራስን ለማሞቅ የተባለ ፍም ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። በሕፃኑ አጠገብ ሲጋራ አይጨስ።

ሰ. የእናት ጡት ይጠብቃል። ጡት ማጥባት የድንገተኛውን ሞት ዕድል ይቀንሳል፤ ለጨቅላ ቅቤ ማስዋጥና እንጥል ማስቆረጥ ግን ለትንታ፣ ለመድማትና ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ።

ሸ. ክትባቱ አይቋረጥ። በአገራችን ሕፃናት በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንታቸው ይከተባሉ፤ ይህ ዕድሜ ድንገተኛ ሞት ከሚበዛበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ከክትባት በኋላ የሞተ ሕፃን ሲኖር «ክትባቱ ገደለው» ይባላል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ግን ክትባት ለዚህ ሞት ምክንያት እንዳልሆነ አሳይተዋል።

ቀ. የአጎበሩ ነገር አይረሳ። በሐይቅ ዳር ከተማ ወባ አለና ሕፃኑ በአጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ጫፉ ግን በፍራሹ ሥር ተወጥሮ ይጠቅጠቅ እንጂ በፊቱ ላይ አይውደቅ።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በአገራችን «በድንገት» የተባለ ሞት ሁሉ ድንገተኛ አይደለም። ጡት መጥባት ያቆመ፣ ያተኮሰው ወይም ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ የፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ጨቅላ በጥቂት ሰዓታት ሊሞት ስለሚችል፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

6. ሐዘን ሲደርስ

ከላይ የጻፍነው ሁሉ ከልደት በፊትና በአራስነት ጊዜ የሚነገር ነው። ከሞት በኋላ በለቅሶ ቤት የሚነገር አይደለም። ምሳሌው በሕፃኑ ዋዜማ ያልተነገረ ትምህርት በቀብሩ ማግስት ቢነገር ጩቤ ይሆናል። ካቴኪስቱ በለቅሶ ቤት ሲገባ «እንዴት ነበር ያስተኛሽው?» ብሎ አይጠይቅ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ የጤና ባለሙያ ካለ፣ በሥራው ሥርዓትና በርኅራኄ ይጠይቅ።

«እግዚአብሔር ሌላ ይተካልሽ» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ እንያዘው። በመልካም ልብ የሚነገር ቃል እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ሰው በሌላ አይተካም፤ የሞተው ሕፃን ስም ያለው፣ እግዚአብሔር የሚያውቀው ሰው ነበር። በስሙ መጥራት ከብዙ ቃል ይሻላል። አባትንም አንርሳ፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሎ ሐዘኑን ብቻውን ውጦ ይቀራልና።

እናቲቱ «ገድዬው ይሆን?» ብላ በንስሐ ስትቀርብ ምን እንመልስላት? የቤተክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው። በካቶሊክ ቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 1857 መሠረት ለሞት የሚያበቃ ኃጢአት እንዲኖር ነገሩ ከባድ መሆኑ፣ ሙሉ ዕውቀትና በፈቃድ መስማማት ሦስቱም ያስፈልጋሉ። የተኛ ሰው አያውቅም፤ የተኛ ሰው አይስማማም። ደክሟት ልጇን አቅፋ እንቅልፍ የወሰዳት እናት በእንቅልፏ ውስጥ ለሆነው ነገር ነፍሰ ገዳይ አይደለችም። የሞቱ ምክንያት ያልተመረመረ ከሆነ ደግሞ ተኝታበት እንደ ሆነ እንኳ የሚያውቅ የለም። ይህን በግልጽ ቃል ልንነግራት ይገባል፤ ዝምታችን በእርሷ ዘንድ እንደ ክስ ይቆጠራልና።

ሌላው ጥያቄ ስለ ጥምቀት ነው። ሕፃን በሞት አፋፍ ላይ ሲሆን፣ ካህን ካልተገኘ፣ በላቲን ሥርዓት የቀኖና ሕግ አንቀጽ 861 መሠረት ካቴኪስቱም ሆነ ተገቢ ሐሳብ ያለው ማንኛውም ሰው ማጥመቅ ይችላል። ሞቶ የተገኘ ሕፃን ግን አይጠመቅም፤ ምስጢራት ለሕያዋን ናቸውና። ያን ጊዜ ቤተሰቡ «ልጃችን ጠፋ ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1261 ሳይጠመቁ የሞቱትን ሕፃናት ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ እንድንሰጥና የመዳናቸውን ተስፋ እንድንይዝ ያስተምራል። ዓለም አቀፉ የነገረ መለኮት ኮሚሲዮንም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሰነድ ይህን ተስፋ በሰፊው አብራርቷል። ወላጆቹ ሊያስጠምቁት አስበው ከነበረም በአንቀጽ 1183 መሠረት ጳጳሱ ሥርዓተ ቀብር እንዲደረግለት ሊፈቅዱ ይችላሉ። ስለዚህ የጨቅላ ቀብር በችኮላና በዝምታ የሚፈጸም መሆን የለበትም፤ ካቴኪስቱ ለቁምስናው ካህን ያሳውቅ።

7. መደምደሚያ

በመግቢያችን ያነሣነውን ጥያቄ እንመልስ። ጥንቃቄንና ርኅራኄን የሚያስማማቸው ጊዜና ቦታን መለየት ነው። ጥንቃቄውን በጋብቻ ዝግጅት፣ በእርግዝና ጊዜ፣ ለጥምቀት በሚደረግ ትምህርት፣ እንዲሁም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት አራስ በምንጠይቅበት ሰዓት እናስተምር። ትምህርቱም ለእናቲቱ ብቻ አይሁን፤ አባት፣ አያት፣ ሞግዚትና ታላላቅ ልጆችም ይስሙት። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚህ ሥራ አጋሮቻችን ናቸው፤ ካቴኪስቱ ከእነርሱ ጋር ይመካከር። የልደትና የሞት ምዝገባም እንዳይዘነጋ ቤተሰብን እናሳስብ።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም አንዳንድ ሕፃናት በሌሊት ይሞታሉ። ያን ጊዜ ሥራችን ይለወጣል፤ መምህርነታችን ቀርቶ አብረን የምናለቅስ ወንድሞችና እህቶች እንሆናለን። ንጉሥ ሰሎሞን በጥበቡ ስለ ሕያው ሕፃን ፈረደ፤ እኛም ጥበባችንን ለሕያዋን ሕፃናት እናድርገው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ ሕፃን በሌሊት ሲሞት ምን ይባላል? የተባለው ነገር በእናቲቱ ላይ ምን ያደርሳል?

2. ከተዘረዘሩት ጥንቃቄዎች መካከል በአካባቢያችሁ በቀላሉ የሚፈጸመው የትኛው ነው? የሚያስቸግረውስ የትኛው ነው? ለምን?

3. አባቶች ይህን ትምህርት የሚሰሙበት መንገድ በቁምስናችሁ ምን ሊሆን ይችላል?

4. ጨቅላ ለሞተበት ቤተሰብ ማኅበረ ምእመናኑ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በአርባኛው ቀንና በዓመቱ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ሕፃናትን ወደ እርሱ እንዲመጡ የጋበዘ ጌታ ቤቶቻችንን በሌሊት ይጠብቅልን፤ ልጆቻቸውን ያጡትን ሁሉ ያጽናናልን።